ጀልባዋን ከውሃ ያወጣሁበት ክረምት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ጀልባዋ ውስጥ የተጠራቀመውን ዝናብ በጆግ ስቀዳ ረፈደ። ገና ሰኔ ነው! አምና ክረምቱን ሙሉ ውሃ ላይ ትቻት ጠዋት ጠዋት ስቀዳ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። ሥሯ አረንጓዴ ለብሶ፣ ሞተሩን እንቦጭ ተጠምጥሞበት... ዘንድሮ አልደግመውም። ክረምቱን ሱቄን ይዤ እቀመጣለሁ። በጀልባ የማመላልሳቸው የዘጌ ደንበኞቼ እስከ መስከረም ይታገሡኝ።

ግን የት ላስቀምጣት?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ሦስት ቦታ አየሁ።

አንዱ ሐይቁ ዳር ያለው የብረታ ብረት ቤት ግቢ ነው። ከሐይቁ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ጣሪያም ዘበኛም አለው። መሬቱ ግን ዋልካ ነው፣ ጫማዬን ዋጠው። ዘበኛው “ሐምሌ ላይ እዚህ ዳክዬ ነው የሚዋኝ” ብሎ ሳቀብኝ። ሁለተኛው የሎጁ ግቢ። የሲሚንቶ መውረጃ ስላለው ጀልባ ለማውረድ እንደሱ የሚመች የለም። በሩን የሚከፍቱት ግን ደስ ሲላቸው ነው። ሦስተኛው ሹም አቦ ሰፈር ያለው የራሴ ግቢ። ከውሃው ሩቅ ነው፣ አይሱዙ ይፈልጋል፣ ስምንት ተሸካሚ ይፈልጋል፣ የበሩ አንዱ ክንፍ ካልተነቀለም አትገባም። ግን ዓይኔ ሥር ትሆናለች።

መስዑድን አማከርሁት። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ የጀልባ ማኅበራችንም ጸሐፊ ነው።

“እቴ፣ ግቢሽ አስገቢያት። ትድረቅ። ሥሯንም ቀለም እናስቀባታለን።”

“ማረፊያዬስ?”

የማኅበሩ ደንብ ነው፤ ጀልባ ከሁለት ወር በላይ ከጠፋ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አሥራ አንድ ቁጥር ደግሞ ከአባታችን የተረከብሁት ቦታ ነው። ውሃው ጥልቅ የሆነ፣ ነፋስ የማያገኘው፣ ተሳፋሪ መጀመሪያ የሚደርስበት...

“የክረምት ፈቃድ የሚባል ወረቀት አለ፤ እኔ እሞላልሻለሁ። ጸሐፊ የሆንሁት ለምን ሆነና?”

እውነቱን ነው። ሞተር ማስነሳት ያስተማርሁት ልጅ ዛሬ ለኔ ወረቀት ይሞላል። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ወጣች። ሞተሩን ፈትተን በንጹሕ ውሃ አጠብነው፤ ቤንዚኑንም አስወጣሁ። ጀልባዋን አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥናት፣ ዝናቡ እንዳይጠራቀምባት አፍንጫዋን ከፍ አድርገን፣ ውሃ የሚወጣበትን የኋላውን ቡሽ ነቅለን። ከሁሉም በላይ ላቡን ያፈሰሰው መስዑድ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ስለ ጀልባ ሳላስብ ዋልሁ። እንዲህም ይዋላል ለካ!

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ሥሯን ቀለም ቀባን። መስዑድ ከእናታችን ጋር መጣ። ኅዳር ላይ ሪሃብን ሊያገባ ነው፤ ፊቱ በርቷል።

እናቴ ጀልባዋን ዳበስ አደረገችና፣ “ልጄ፣ ደክሞሽ ነበር እኮ። ሱቁ አይበቃሽም?” አለችኝ።

“እማ፣ ውሃ ላይ ካልወጣሁ እታመማለሁ።”

መስዑድን ስለ ወረቀቱ ጠየቅሁት። “ተሞልቷል” አለኝ፣ ብሩሹን እያጠበ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20



ጀልባዋን አይሱዙ ላይ ጭነን ወረድን። እኔ ጋቢና፣ ተሸካሚዎቹ ከኋላ እየዘፈኑ። አሥራ አንድ ቁጥር ላይ አዲስ ሰማያዊ ጀልባ ታስሯል። የሰው ስሕተት መስሎኝ “የማን ነው? አንሡልኝ” አልሁ።

ተራ አስከባሪው አንገቱን ደፋ። “የመስዑድ ነው... ከሪሃብ አባት ጋር የገዙት። አንቺ ለቅቀሽ የለም እንዴ?”

“ማን ነው የለቀቀው?”

መዝገቡን አወጣልኝ። የመስዑድ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊደል ሲቆጥር ጀምሮ አውቀዋለሁ። “እኅቴ አሪፋ ሥራውን ስላቆመች ቦታውን በፈቃዷ ለኔ ለቅቃለች።” ቀኑ ሰኔ 13። ጀልባዋን ባወጣን ማግሥት!

ከሥሩ ምስክር። ስም፦ ኡሙሰልማ። ፊርማ የለውም፣ አውራ ጣት ነው።

የእናቴ አውራ ጣት።

ሾፌሩ “ወዴት ልንዳ?” አለኝ። “ወደ ግቢዬ” አልሁት። ሰው ሁሉ እያየኝ ጀልባዬን እንደ ተጫነ ሬሳ ይዤ ተመለስሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 21

እናቴ ዘንድ ሄድሁ። መስዑድም እዚያው ነበር።

“አንቺን ለማሳረፍ ነው” አለኝ። “ሴት ልጅ እስከ መቼ ሞተር ትጎትታለች? ሰዉ ምን እንደሚል...”

“ለምን አልጠየቅኸኝም?”

“እምቢ ትያለሽ።”

እንዲህ ነው ያለኝ። እምቢ እንደምል ያውቅ ነበር።

ወደ እናቴ ዞርሁ። “እማ፣ ምን እንደሆነ ሳይነግርሽ ነው ያስፈረመሽ፣ አይደል?”

አዎ እንድትል ለመንኋት፤ በዓይኔ ለመንኋት። አዎ ብትለኝ አምናት ነበር።

“ነግሮኛል” አለች። “ጎጆ ሊወጣ ነው። ቦታ ከሌለው ማን ልጁን ይሰጠዋል? አንቺማ ሱቅ አለሽ።”

ነሐሴ ላይ ጀልባዋን ስትዳብስ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ምሳዬን በልታ፣ መርቃኝ ሄደች...

ሰኞ፣ መስከረም 26

አቤቱታ ጽፌ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ወሰድሁ። አነበበው። “ውሸት ከሆነማ ቦታሽ ይመለሳል። ግን ምስክሯን ሽማግሌ ፊት አቁመን መጠየቅ አለብን። ይጠሩ?”

የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት በሰው ፊት... “በሐሰት መስክሬያለሁ” ልትል? ወይስ በኔ ላይ ደግማ ልትመሰክር? የትኛውን እንደፈራሁ አላውቅም።

አቤቱታዬን መልሼ ተቀብየው ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የኔታ ወልደ ጻድቅ ሱቅ መጡ። ደሴት ላይ ዜማ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው፤ ዕቃቸውን የማሻግርላቸው እኔ ነበርሁ።

“አሪፋ ልጄ፣ የት ጠፋሽ? በሌላ ጀልባ መጥቼ ወገቤን ሰበሩኝ።”

አልደበቅኋቸውም፣ ነገርኋቸው። ስለ ወንድምና ስለ ይቅርታ ይነግሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ “ከከተማው ወጣ ብሎ የወይዘሮ የሻሽወርቅ ማሳ ሐይቁ ድረስ ይወርዳል። ዳሩን የያዘው ደንገል ከተጠረገ ጀልባ የሚያወርድ ይመስለኛል። ግን በኔ ቃል እንዳትሄጂ፤ ራስሽ እዪው” አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ራሴ አየሁት። ጠጠር መሬት ነው፣ ዋልካ አይደለም። ውሃው ዘንድሮ የደረሰበት ምልክት ዛፎቹ ላይ አለ፤ ከዚያ በላይ ሠላሳ እርምጃ ደረቅ ቦታ ተርፏል። ረዥም እንጨት ይዤ ገብቼ ጥልቀቱን ለካሁ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ በጎን ይመታል፣ መጥፎ ነው። ተሳፋሪም አይገኝበትም። ወይዘሮ የሻሽወርቅ “የኔን ማሽላ ከተማ ካደረስሽልኝ ኑሪበት” አሉኝ። ውል አጻፍሁ፤ ሦስት ምስክር። ምን እንደሚመሰክሩ ያውቁ እንደሆነ ሦስቱንም እየደጋገምሁ ስጠይቃቸው ተገረሙ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ደንገሉን ጠርገን፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ደርድረን ወደ ውሃው አንከባለልናት። ሞተሩ በሦስተኛው ጉተታ ተነሣ። ብቻዬን ዘጌ ደርሼ መጣሁ። መሐል ሐይቅ ላይ አለቀስሁ... ሞተሩ ስለሚጮህ ጮክ ብዬ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

የመስዑድ ሠርግ። ላልሄድ ነበር፤ ሄድሁ። ሪሃብ ምን አጠፋች?

መስዑድ ከሰው መሐል ተነሥቶ መጣ። “እቴ፣ ጀልባሽን ዘጌ አየናት አሉኝ። የት ነው የምታሳድሪያት?”

“ደኅና ቦታ ናት።”

“እኮ የት?”

“ብላ፣ ሙሽራ ነህ።”

ሳቀ። ከዚያ አለመሳቄን አየና ተመለሰ። ከዚህ በፊት ደብቄው የማውቀው ነገር የለም። እሱ መጠየቁን እንጂ እኔ አለመንገሬን አልለመደውም።

ስወጣ እናቴ በር ላይ ያዘችኝ። “ለኔም አትነግሪኝ?”

“እማ፣ ብነግርሽ ትመሰክሪያለሽ።”

እጄን ለቀቀችኝ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔንም ወጋኝ። ልመልሰው አልሞከርሁም። እጇን ስሜ ወጣሁ።