የልጄን ስም ከድራማችሁ ስለማንሳት

ለቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 4

ጉዳዩ፦ በሳምንታዊው ድራማ ላይ የምትታየው የቤት ሠራተኛ ስም እንዲቀየርልኝ ስለማመልከት

1. እኔ አመልካች በጣቢያው የልብስ ክፍል ለዘጠኝ ዓመት በሰፊነት አገልግያለሁ። በሕንፃው ውስጥ ከእኛ ብሔረሰብ የተወለድኩ እኔ ብቻ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ደራሲው ወደ መስፊያው ክፍል ወርደው፣ «እትዬ፣ ከእናንተ ወገን አንዲት ሴት ልናስገባ ነው፤ የሚያምር ስም ይንገሩኝ» አሉኝ። የእኛን ሰው በቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም ነበርና ከደስታዬ ብዛት የልጄን ስም ሰጠኋቸው። የእናቴም ስም ነው፤ በእኛ ዘንድ የበኩር ሴት ልጅ የአያቷን ስም ትወርሳለች። ምነው ያን ዕለት አፌን በቆረጠው!

2. ሴቲቱ ስኳር የምትሰርቅ፣ ሊፍት ውስጥ የምትጮህ፣ በእኛ ቅላፄ የምትኮላተፍ ሆና ወጣች። እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያው ሳምንት እኔም ስቄያለሁ። ያን የሚያስቅ ቀሚሷን የሰፋሁትም እኔው ነኝ፤ ዛሬም እየሰፋሁ ነው።

3. ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ ተማሪው ሁሉ «ስኳሩስ?» ይላል። መጀመሪያ አብራ ሳቀች። ቆይታ በቋንቋችን ሳናግራት በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ትመልስልኝ ጀመር። በወላጆች ቀን እንዳልመጣ ለመነችኝ። ለምን ብላት፣ «እማዬ፣ አንቺ ስታወሪ እሷን እኮ ነው የሚሰሙት» አለችኝ። አለቀስኩ።

4. ደራሲውን ብለምናቸው፣ «ቀልድ እኮ ነው፤ ተመልካቹ ለምዷታል» አሉኝ። ሥራውን እንዳልለቅ ልጄን የማስተምረው በዚሁ መርፌ ነው። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት።

5. ልጄ ስሟን የምታስቀይርበት ቅጽ አምጥታለች። ዕድሜዋ ስላልሞላ የእኔ ፊርማ ያስፈልገዋል፤ የምስክር ወረቀቷ ከመታተሙ በፊት እስከ ዓርብ መግባት አለበት። አልፈርምም ካልኳት አሥር ቀን ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ድራማው ይቁም አላልኩም። ስኳሯንም ትስረቅ። ስሟ ብቻ ተቀይሮ፣ ለልጄ የማሳያት ማኅተም ያለበት ወረቀት ከዓርብ በፊት እንዲሰጠኝ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ። መልስ ካጣሁ እፈርምላታለሁ። ከዚያ በኋላ የእናቴን ስም ይዛ የምትቀረው የእናንተ ሠራተኛ ብቻ ትሆናለች።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር
አመልካች፦ የልብስ ክፍል ሰፊዋ
(ፊርማ)