ያልተነገረ መርዶ የተጻፈበት ፋይል

ብሬብሩክ፣ ሜልቦርን
ሐምሌ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? በስልክ «ጽገሬዳ ምን ወለደች?» ብለው በጠየቁኝ ቁጥር፣ መስመሩ የተቋረጠ አስመስዬ የምዘጋው እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። ጋሼ ጌታቸው ወደ አገር ቤት ስለሚመጡ ይህን በእጃቸው ልኬያለሁ።

እማዬ ባረፈች ጊዜ፣ እህትህ ጽገሬዳ እስክትወልድ እንዳትነግራት ብለውኝ ነበር። እኔም ለእድራችን ሽማግሌዎች ነገርኩ። እነሱ ደግሞ የማን ዘመድ እንደሞተ፣ ማን መቼ ሄዶ እንደሚያረዳ የሚጽፉበት ፋይል አላቸው። የሚቀመጠው እኔ ራሴ ከእድሩ ኢንተርኔት ጋር ባገናኘሁት የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን ውስጥ ነው። የአባላት ቅጽም እዚያው ነው።

ይህ ዕቃ ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ ማንም ገብቶ እንዲያነብ ክፍት ሆኖ ነው። ለፈረንጆቹ መሥሪያ ቤቶች ስገጥም መጀመሪያ የምዘጋው እሱን ነው፤ እንጀራዬ ነው። የእኛን ግን ተውኩት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ ብርሀነ የኢሜይላቸውን የይለፍ ቃል እንኳ እየረሱ በየቀኑ ሲደውሉልኝ ሰልችቶኝ ነበር። ደግሞስ የሐበሻ እድር ውስጥ ገብቶ ማን ምን ይሰርቃል አልኩ። ሌባማ አልመጣም።

ጽገሬዳ ስምንት ወሯ ነበር። ዋይንድሃም ቬል በሚባለው ሰፈር ቤቷ ሆና፣ እድሩ በላከላት ሊንክ የአባልነት ቅጽ ልትሞላ ገባች። ከቅጹ አጠገብ «ያልተነገረ መርዶ» የሚል ፋይል አየች። ከፈተችው፤ ምን ይከለክላታል? ባለቤቷ ሳህሉ ሥራ ገብቶ ብቻዋን ነበረች። ደወለችልኝ። አላለቀሰችም።

«ከስሜ አጠገብ ‹እናት፤ እስክትወልድ ይቆይ፤ ወንድሟ ያውቃል› ይላል» አለችኝ። «ወንድሟ አንተ ነህ አይደል?»

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ገባች። ሕፃኗ ሞታ ተወለደች። ሐኪሞቹ ከድንጋጤ ነው ለማለት አይቻልም አሉ። ሰውም እግዜር ያመጣው ነው እያለ ያጽናናኛል። እኔ ግን ያንን ሳጥን መዝጋት የአምስት ደቂቃ ሥራ እንደነበር አውቃለሁ። አባባ፣ ራሴን ጠልቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። በቀብሩ ዕለት ብቻ ጠርታኝ፣ «ለአባባ እውነቱን ንገራቸው፤ እስኪበረቱ እያላችሁ ቀን አትቁጠሩባቸው» አለች። የጻፍኩት ለዚህ ነው። ጋሼ ጌታቸው አንብበው እስኪጨርሱ ከአጠገብዎ እንዳይነሡ ለምኛቸዋለሁ።

እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ለእኔም ባይሆን ለእሷ ይጸልዩላት።

የሕፃኗን ስም ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። ጽገሬዳ ለመቃብሩ በእጇ ጽፋ የሰጠችው የእማዬን ስም ነው፤ በለጥሻቸው።

ልጅዎ መክብብ