ሳይቀሩ መምጣት

ሐሙስ፣ ጥር 14

ትናንት ስልኬ ላይ ስለ ቤዝቦል አነበብኩ። ለመስበር ከሚያስቸግሩት ሪከርዶች አንዱ የጉልበት አይደለም፤ ለዓመታት አንድም ጨዋታ ሳይቀሩ መሰለፍ ነው። ለማሰለጥናቸው የመረብ ኳስ ልጆች ስነግራቸው ሳቁ። ዘይነባ ብቻ አልሳቀችም። ልምምድ ከጀመርን ወዲህ ቀርታ አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት የመካነ ሰላም ብርድ አጥንት ድረስ ይገባ ነበር። በዚህ ብርድ ማንም አይመጣም ብዬ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ። ከዚያ እሷ ትዝ አለችኝና እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ብቻዋን መረቡን ስትወጥር አገኘኋት።

«ቲቸር፣ ወላሂ ዛሬ የቀሩ መስሎኝ ደንግጬ ነበር» አለችኝ። «እርስዎም እኮ ቀርተው አያውቁም።»

ይህን የሚቆጥርልኝ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። ነገ መረቡን የምወጥረው እኔ ነኝ።