የሰኔ ሃያ አንዱ ቃለ ጉባኤ

አሶሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ሳልሽ ለቀቀሽ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ዓይኔ አሁንም ቁጥር ያለ መነጽር ያነባል፤ ለእኔ ይህ በቂ ጤና ነው።

ባለፈው ሳምንት «አክስቴ፣ የቃለ ጉባኤውን ጸሐፊ ስም ጋዜጣው ላይ ላውጣው ወይስ ልተወው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ስልኩ የተዘጋው መስመር ተቆርጦ አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። በወረቀት ልመልስልሽ ይሻላል ብዬ ነው።

አስቀድሜ ግን ልቆጣሽ። መጀመሪያ የላክሽልኝ ጽሑፍ አስጠልቶኛል። ሦስት ገጽ ሙሉ «ምንጮች ገለጹ»፣ «ነዋሪዎች አማረሩ»፤ አንድ የደብዳቤ ቁጥር፣ አንድ ቀን የለበትም። አርባ ሁለት አባወራ መሬቱን በአንድ ባለሀብት ሊነጠቅ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ለኅዳር 3 ቀጥሯል፤ አንቺ ምሬት ትጽፊያለሽ። ባለሀብቱ በእጁ ቃለ ጉባኤ ይዟል፤ ገበሬዎቹ ተሰብስበው «መሬታችንን በፈቃዳችን ለቀናል» አሉ የሚል። ማኅተም ያለበትን ወረቀት በምሬት አትመልሺውም።

ስለዚህ ራሴ ወደ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ማመልከቻዬን በሁለት ቅጂ ጻፍኩ፤ አንዱን ሰጥቼ በቀሪው ላይ የገባበትን ቁጥርና ቀን አስጽፌ ያዝኩ። አንቺም ሁልጊዜ እንዲህ አድርጊ፤ ያለዚያ ማን ጠየቀን ይሉሻል። ጠረጴዛው ላይ ተለጥጦ የተቀመጠው ወጣት «እማማ፣ ለጡረታ ከሆነ በዚያኛው በር ነው» ብሎ ለጓደኛው ጠቀሰው። ሦስት ቀን ቁልፍ የያዘችው ሥልጠና ላይ ናት ተባልኩ። በአራተኛው ቀን በርጩማዬን ከቤት ይዤ ሄጄ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፍ የያዘችው ነዕማ ለካ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበረች፤ አፍራ ከፈተችልኝ።

የመዝገብ ቤቱን ነገር ባልነግርሽ ይሻላል። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ የጠበቅሁ ሰው ነኝ። ፋይሉ መሬት ላይ ተከምሮ የአይጥ ሽንት ጠጥቷል። አንዱን ስከፍት የበቆሎ ቆረቆንዳ ወደቀ።

አሁን ልብ በዪ። የተጠረጠረ ወረቀት ስታገኚ ወረቀቱ ላይ አታፍጪ፤ ከቢሮው የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ በየቀኑ የሚመዘገብበትን የወጪ መዝገቡን አስወጪ። ደብዳቤ ላይ የፈለጉትን ቀን መጻፍ ይቻላል፤ በመዝገብ ላይ ያለ ቀን ግን ከላይም ከታችም ጎረቤት አለው። ቃለ ጉባኤው «ረቡዕ ሰኔ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ይላል፤ በዚያው ቀን ወጪ ሆኗል ተብሏል። በመዝገቡ ከሰኔ 20 ቀጥሎ ያለው ሰኔ 22 ነው። ነዕማን ለምን እንደተዘለለ ስጠይቃት አፏን በእጇ ያዘች። «እንዴ እማማ! ዐረፋ ነበር እኮ! እኔ ራሴ ለሴት ልጄ አዲስ ቀሚስ አልብሼ ሶላት ወጥቻለሁ» አለችኝ።

ገባሽ? ዓመት ቆይተው ወደ ኋላ ቀን ሲቆርጡ ረቡዕ የሥራ ቀን መሆኑን ከካላንደር አይተዋል። ዐረፋ በጨረቃ እየዞረ እንደሚውል አላሰቡም። ቀበሌው በሙሉ ሶላት ላይ በነበረበት ሰዓት መሬቱን አስለቀቁት።

የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ይዤ ወደ ዐወድ ሄድኩ፤ ከገበሬዎቹ ስም ዝርዝር ሰባተኛው ነው፤ በስሙ ትይዩ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ሲያየው ሳቀ። እኔን እንደ ልማዱ እንደ ወንድ እያናገረ «እማማ፣ አንተ ታውቃለህ፣ እኔ መቼ ጣት ያደርጋል?» አለኝ። ብዕሬን ተቀብሎ፣ ልጅ ሳለ ቁርአን በቀራበት ኸልዋ እንደተማረው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ስሙን በዐረብኛ ጻፈ። በ2009 የይዞታ ደብተሩን ሲወስድም እንዲሁ ፈርሟል፤ የዚያንም ቅጂ አያይዣለሁ። አማርኛ የማይጽፍ ሰው ምንም አይጽፍም ብሎ ጣት ያተመለት ሰው ንቀቱ ያቅለሸልሸኛል። ዐወድ ብዕሩን ሲመልስልኝ ሳቁን ትቶ «ማሽላ ደርሷል። አሁን የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጸሐፊውን ግን ፊርማው ላይ ሳልደርስ አውቄዋለሁ። በግራ ሁለት ጣት ኅዳግ የሚተው፣ የፊደሎቹን እግር አስተካክሎ የሚያቆም እጅ ነው። በስምንት ዓመቱ በማስመሪያ ጣቱን እየመታሁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

እሑድ ጌትነት እንደ ወትሮው ለምሳ መጣ። ከምግቡ በፊት ወረቀቱን አቀረብኩለት። «እማዬ፣ ማን ሰጠሽ?» አለ። ሐሰት ነው አላለም። ቀጥሎ «ታዝዤ ነው፤ እኔ ባልጽፈው ሌላው ይጽፈው ነበር» አለ። ወረቀቱን ከፊቱ ሳላነሳ ጊዜ ሳቀና «ደግሞ አንቺ መተከል ሳለሽ የጻፍሽው ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ነው እንዴ?» አለኝ። ከዚያ እጁን ታጥቦ በላ። ሙሉውን በላ። ሳህኑን ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ስሙን አውጪ። ከነአባቱ አውጪ፤ ጌትነት የሚባል ብዙ ስላለ ሌላው ያለ ጥፋቱ እንዳይታማ። የአክስትሽ ልጅ መሆኑንም ራስሽ ጻፊ፤ ከሌላ አፍ ከተሰማ ዐወድን ይጎዳል። የነዕማን ስም ግን እንዳታነሺ፤ እንጀራዋ ነው። መዝገቡን ያየሁት እኔ ነኝ በዪ፤ ከተጠራሁ ችሎት እቆማለሁ። ጽሑፉ ከኅዳር 3 በፊት ካልወጣ ልፋታችን ከንቱ ነው።

ይህን ስትጨርሺ ወደ መተከል ውጪ። ከሰፈራው ዘመን የተረፈ ፋይል ካገኘሽ፣ በሐምሌ 1978 የተጻፈ አንድ ቃለ ጉባኤ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉ የጉሙዝ ሽማግሌዎች መጥተው መሬታቸውን ለሰፋሪው በደስታ ሰጡ ይላል። ጽሕፈቱ ያማረ ነው። የሽማግሌዎቹን ልጆች ፈልጊና በሐምሌ ሙላት ያንን ወንዝ ሰው ይሻገረው እንደነበር ጠይቂ። የጸሐፊዋንም ስም ከነአባቷ አውጪ።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይስጥሽ፤ ልብሽን ያጽናልሽ፤ ከሰነፍ ጽሑፍም ይጠብቅሽ።

አክስትሽ