በርሜሉ ሳይበርድ

ጥር 17
ዛሬ ከበርሜሉ ሦስት ጆንያ ወጣ። ሰጋቱራው ቡናማ ሆኗል። ባሌ ታከለ ዘግኖ አሸተተና ደርቋል አለ። የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ አየር በማይገባበት በርሜል አራት ሰዓት ይቆላል። ሻጋታውም ጀርሙም ይሞታል፣ ለዶሮ ጉዝጓዝ ከሆነ በኋላም ቶሎ አይበሰብስም። ያስተማረችን የቡሬዋ የእንስሳት ሐኪም ህይወት ናት። ባለፈው ክረምት በጥሬው ሰጋቱራ ላይ መቶ አርባ ጫጩት አለቀብን። ከኅዳር ወዲህ የሞተው አራት ብቻ።

ጥር 19
ከሚካኤል ቅጥር ሦስት ጥድ ተቆርጦ አደረ። የደኑ ጠባቂ አያ ይሄይስ ከጠዋት ጀምሮ በየቤቱ እየዞረ ነው። እኛም ጋ መጣ። ጆንያውን በቢላ ቀደደ። ቡናማውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።
ባሕር ዛፍ ነው ስለው፣ ባሕር ዛፍ ነጭ ነው አለኝ። ሲቆላ ይጠቁራል አልኩት።
"እንጨት እንደ ሽንብራ ይቆላል እንዴ፣ ሥርጉት?"
የቆሙት ሳቁ። እሱ አልሳቀም።
እውነቱን ለመናገር ጥድ ይመስላል። እኔ ራሴ ሳላውቅ ባየው ምን እል ነበር?

ጥር 20
ይሄይስ ታከለን የገበያ መንገድ ላይ ጠበቀው። አንድ ቃል አልተነጋገሩም፣ ያዩት እንዳሉት። የመጀመሪያው ዱላ ግራ ክንዱ ላይ። ሁለተኛው እዚያው። ሦስተኛው ጆሮው ላይ። የክንዱ አጥንት ቆዳውን በስቶ ወጥቷል። ነጠላዬን አሰርኩበት፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እስክንደርስ ደሙ አልቆመም።
መንገድ ላይ የተናገረው ዶሮዎቹ በልተው እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ነው።
ይሄይስን ብገድለውስ ብዬ አሰብኩ። ይኸው ጻፍኩት።

ጥር 22፣ ከሰዓት በኋላ
ሽማግሌዎች ጠዋት ከአባ ወልደ ዮሐንስ ጋር ግቢያችን መጡ። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ሁሉም እያየ ነጭ የባሕር ዛፍ ጣውላ ከሰጋቱራው ጋር በርሜል ይገባል። ነገ ጠዋት ሲከፈት ቡናማ ከሆነ ታከለ ንጹሕ ነው። ነጭ ከሆነ ቤታችን ፈርሶ ከአገር እንወጣለን።
ይሄይስ እንዳንለውጠው ጣውላው ላይ በምስማር መስቀል ጫረ። ታከለ ሆስፒታል ስለሆነ ያነደድኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሳቱን ከሥሩ አወጣሁ። የጭሱን ቱቦ ወትፌ ክዳኑን በጭቃ ለሰንኩ። አባ መስቀላቸውን አንስተው እስከ ነገ ጠዋት የነካው የተገዘተ ይሁን አሉ።
ትኩስ ሳለ አየር ከገባበት ነበልባል ይተፋል። ለምን እስከ ነገ እንደሚቆይ ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ጥር 23
ትናንት ማታ መጻፍ አቃተኝ። 
ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄይስ ብቻውን አጥሩን ዘሎ ገባ። መጥረቢያ ይዟል። ዶሮ ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ በሽቦው በኩል አየሁት። ሌላ ጣውላ ላይ መስቀል ጭረን እንለውጣለን ብሎ ፈርቶ ይሆን? ግዝቱንስ እንዴት ደፈረ?
ትኩስ ነው ማለት ሁለት ቃል ነው። አፌ ተከፍቶ ነበር። የታከለ ክንድ ታየኝ። ዘጋሁት።
ጭቃውን በመጥረቢያው ጀርባ መታ። ክዳኑን ያነሳው ጎንበስ ብሎ ነው። እሳቱ ብዙ ድምፅ የለውም፣ እንደ ትልቅ ትንፋሽ ነው። መጀመሪያ ጢሙ፣ ከዚያ ጋቢው። የጮኸው ወደ ኋላ ሲወድቅ ነው። ያኔ ሮጥኩ። ውሃ ደፋሁበት። ጋቢውን ስገፍ የአንገቱ ቆዳ አብሮ እጄ ላይ ቀረ።
ፍኖተ ሰላም ወሰዱት። ከታከለ ሦስት አልጋ አልፎ ነው የተኛው።

ጥር 26
ይሄይስ ዛሬ ንጋት ላይ ሞተ። ከሰዓት ተቀበረ። ግዝት አፍርሷል ተብሎ ፍትሐት ሊከለከል ነበር፣ አባ ፈቱት።
ጣውላው ከሥር ስለነበር ተርፏል። ቡናማ ነው፣ መስቀሉም ይታያል። ሁሉም አዩት። ጥዱን ማን እንደቆረጠ ግን አልታወቀም።
ወንድሙ ደጀኔ መቃብሩ ላይ ማለ። ታከለ በርሜሉን ወጥመድ አድርጎ ገደለው ይላል። ሠልስቱን አውጥቶ ጠመንጃውን ይዞ ሆስፒታል ሊወርድ ነው። ታከለ ሆስፒታል ነበር ቢሉት፣ ሚስቱ እንዳዘዛት አደረገች ብሎ መለሰ።

ጥር 28
የይሄይስ ለቅሶ ድንኳን ሄድኩ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ለቅሷቸውን አቋረጡ። ደጀኔ ፊት ቆምኩ፤ አባም ሽማግሌዎቹም ነበሩ።
"ታከለ አያውቅም። በርሜሉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አያ ይሄይስ ሲመጣም አይቼዋለሁ። እንደሚያቃጥለው እያወቅሁ ዝም አልኩ።"
አፈሙዙን አንገቴ ላይ አደረገው። ቀዝቃዛ ነው። አባ "ሴት ናት፣ ደጀኔ" አሉት። በእኛ አገር ደም ከሴት አይመለስም። ይህን አውቄ ነው የሄድኩት።
"ምነው ወንድ አድርጎ በፈጠረሽ" አለኝ።
ከዚያ በሰደፉ አፌን መታኝ። ሁለት ጥርስ ወለቀ። ደሜን ሳልጠርግ እዚያው ቆምኩ። የአባን መስቀል ይዞ ታከለን እንደማይነካው ማለ።

የካቲት 9
ታከለ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ቤት ከገባ ሦስት ቀኑ። ከእኔ በፊት ሌሎቹ ነግረውታል። ድንኳኑ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ ከእኔም አፍ ሊሰማ ፈለገ፣ ነገርኩት። ያበጠ ከንፈሬን ብዙ ጊዜ አየው።
ዛሬ ጠዋት በራፍ ላይ ሆኜ ሳይ ደጀኔ መንገድ ላይ አግኝቶት ሳይነካው አለፈ። ታከለ በሕይወት አለ። ዶሮዎቹን ያበላል፣ ባንድ እጁ ጉዝጓዛቸውን ይቀይራል። እኔን ግን አያናግረኝም። በመጣ ዕለት ይህን ካለኝ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣውም።
"ክንዴ እኮ ይድን ነበር፣ ሥርጉት።"