ለጨረታ ያወጣሁት ጽዋ

ጥሩዬ፣ የልጄ እናት፣

አንቺ ካለሽበት የሚጎድል ነገር እንደሌለ አምናለሁና እንደምን አለሽ አልልሽም። ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዛሬ የምጽፍልሽ ጥፋቴን ልነግርሽ ነው። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ላንቺ ሳልነግርሽ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ።

ቤታችን ያው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማ ነው። ምንጣፉን ቀየሩልን፤ ሊፍቱ ዛሬም ይቆማል። እኔም ያው ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ልጃችን ሄለን ሥራ ይዛለች። በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ስትናደድ ብቻ አማርኛዋ ቁርጥ ያንቺን ነው።

ያ አረንጓዴው ጎድጓዳ የቻይና ሳህንሽ ትዝ ይልሻል፣ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ትንከባከቢያቸው የነበሩት ሴትዮ ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ የሰጡሽ? መጀመሪያ ምስር ታጥቢበት ነበር። እኔማ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጠቀ ስለሚመስል፣ ያፈሳል ብዬ ልጥለው ነበር። በኋላ የማርያም ማኅበራችን የሸክላ ጽዋ ሮክቪል እነ አስካለ ቤት ሲታጠብ ተሰበረና፣ ይህንን በነጠላ ሸፍነሽ ይዘሽ ሄድሽ። «ከዛሬ ወዲህ የእመቤታችን ነው፤ የኔ አይደለም» ስትዪ ሁሉም ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በሃያ አንድ ብርዝ እየተሞላበት፣ አሥራ ሁለቱን ቤት ካንዱ ወደ ተረኛው ሲዞር ኖረ።

ያረፍሽበት ወር ተራው የኛ ነበር፤ ቀጥሎ የአስካለ። ጽዋው እኛው ዘንድ ቀረ። ማኅበርተኛው አዝኖልኝ በላስቲክ ኩባያ እየጠጣ ጽዋውን አልጠየቀኝም። እኔም በፎጣ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። የማኅበሩ ሙሴ ጋሽ ታደለ ሲደውሉ ስልክ አላነሳም።

በዚህ መሀል ሄለን ኢንተርኔት ላይ የሚመስለው በብዙ ገንዘብ ሲሸጥ አየች። «አባዬ፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል እኮ፤ እናሳየው።» አሌክሳንድሪያ ጨረታ ቤት ወሰድነው። ሰውየው ገልብጦ ቀለም ያልነካውን የግርጌውን ቀይ አፈር አየ፤ በጥፍሩ መታ አድርጎ አዳመጠ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገና የብዙ መቶ ዓመት ዕቃ ነው አለ። ፎርም ሰጠን። ሄለን «ባለቤቱ አንተ ብቻ ነህ ወይ ይላል» አለችኝ። አዎ አልኩ። ፈረምኩ። ለመቃብርሽ ጥሩ ድንጋይ አሠራበታለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ቅዳሜ ሄደን ተቀመጥን። የኛ ዕቃ ቁጥር ሰባ አንድ ነው። አጫራቹ መዶሻውን በመታ ቁጥር ትከሻዬ ይዘላል። ስልሳ አምስት፣ የብር ማንቆርቆሪያ። ስልሳ ስድስት፣ መስታወት። ከፊቴ ያሉት ሰውዬ የኛን ፎቶ በእስክሪብቶ ከበውታል። ጓንት ያደረገ ሠራተኛ ሳህኑን ይዞ በሩ ጋ ቆመ፤ ባዶውን፣ ሳይሸፈን። ያለ ነጠላው ሳየው አንቺን በሰው ፊት የገፈፍኩሽ መሰለኝ። በመጨረሻ ቀንሽ ጠበል ያቀመስኩሽ በዚያ ጠርዝ ነበር።

ስልሳ ዘጠኝ ላይ ተነሳሁ። ሄለን እጄን ያዘችኝ። «አባዬ ቁጭ በል፣ ሰው እያየን ነው!» አልተቀመጥኩም። ዴስኩ ጋ ያለችው ልጅ ዘንድ ደረስኩና፣ በዚያች ትስቂባት በነበረችው እንግሊዝኛዬ «ኖት ማይን»፣ የኔ አይደለም አልኳት። ታዲያ የማን ነው አለችኝ። የአሥራ ሁለት ቤት ማኅበር ነው፣ ዋሽቼ ነው የፈረምኩት አልኳት። አጫራቹ ሰባን እየሸጠ ነበር። ልጅቷ ሮጣ ሹክ አለችው። መዶሻውን አስቀመጠ። ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ ሰባ አንድ ተሰርዟል ብሎ ወደ ሰባ ሁለት አለፈ። ኃላፊያቸው ተቆጣኝ። እውነቱን ነው፤ ሳህኑን ግን መለሰልኝ።

ሄለን እየነዳች፣ እኔ ሳህኑን ታቅፌ ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ «የማኅበሩ መሆኑን ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም?» አለችኝ፣ ባንቺ አማርኛ። አፍሬ ነው አልኳት። ግን እፍረት ብቻ አልነበረም። ጽዋ ይዘውት የሚቀመጡት ነገር አይደለም፣ ለተረኛ ይሰጣል። እኔ ግን ለአስካለ ከመስጠት ለማላውቀው ሰው መሸጥ ቀለለኝ። ለአስካለ ከሰጠሁ ያንቺ ወር አለፈ ማለት ነዋ።

ጋሽ ታደለ ዘንድ ስደውል ቁጣ ጠብቄ ነበር። «አንተ ሰነፍ፣ ብርዙን እንዳታቀጥነው፤ ጥሩዬ ታደርገው እንደነበረው ይሁን» ብቻ አሉኝ። ሄለን ነጠላውን አጥባ ተኩሳለች። ከነገ ወዲያ ሃያ አንድ ነው፤ ማኅበሩ እኛ ቤት ነው።

ጽዋውን በገዛ እጄ ለአስካለ እሰጣለሁ። ዞሮ እስኪመለስ ቁም ሳጥኑ ባዶ ይሆናል፤ ይሁን። በደረሰበት ቤት ሁሉ ስምሽ ይጠራል፤ እኔም አንድ ወር ሳልቀር አሜን ለማለት እገኛለሁ።

ባልሽ ከበደ