ቁልፉ ደብረ ማርቆስ፣ ውሃው ከራሳችን በላይ

ለዶቅማ ተፋሰስ የሕዝብ ውሃ ሀብት ኮሚሽን የተከበራችሁ አባላት፦
ለሰብሳቢው ለክቡር አቶ ኪዳነ ማርያም፣
ለግድቦች ኃላፊው ለክቡር ኢንጂነር ቢያድግልኝ፣
ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ለክብርት ወይዘሮ ሰገነት፤
ደብረ ማርቆስ

ከሁሉ አስቀድሜ በያላችሁበት፣ በደረቅ ወለልና በደረቅ ካልሲ፣ ጤናና ሰላም ይብዛላችሁ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እኛም ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ደህና ነን። እስኪደርሳችሁ ድረስ ደህና እንደምንሆን ግን ቃል ልገባላችሁ ባለመቻሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ የዓለምዘርፍ ካሴ እባላለሁ። በዶቅማ ምንጭ ቀበሌ የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጸሐፊም እኔው ነኝ። ከአልጋ ከወደቀች እናቴ ጋር የምኖርበት ቤት ከግድቡ ሥር አንድ መቶ አርባ እርምጃ ይርቃል። እርምጃውን የቆጠርኩት ሥራ ፈትቼ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው ፈርቼ ነው። የፈራ ሰው ጽሑፍ እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃላችሁና እጅ ጽሕፈቴ ደስ ባያሰኛችሁ አትቀየሙኝ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ግድቡ ነው፤ ይህን ያለ ሽሙጥ እላለሁ። ከሰባት ዓመት በፊት አፈሩ ተቆልሎ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ውሃው ሲጠራቀም እልል ያልነው ከልባችን ነው። በዓመት አንዴ ያመርት የነበረው ገበሬ በበጋም ድንችና ሽንኩርት እያወጣ አምበር ገበያ ወርዷል። ውሃውን ለየማሳው በተራ የሚያካፍሉ፣ የተጣላውን የሚያስታርቁ የውሃ አባትም መርጠናል። እሳቸውም አያ እንዳላማው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ውሃ ግን ያነባሉ።

በግንቦት መጨረሻ፣ ሣሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ ከግድቡ ሥር አንዲት ምንጣፍ የምታህል ቦታ ለምልማ አገኟት። በእጃቸው ቢጭሯት ውሃ ወጣ። ሰኔ እንደገባ ውሃው ክንድ የሚያህል ወፍራም ሆነ፤ ኩልል ያለው ቀርቶም ደፈረሰ። የውሃ አባታችን በየማለዳው ከዚያ እየቀዱ በባዶ የአረቄ ጠርሙስ ያስቀምጡ ጀመር። ውሃው ሲያድር አፈሩ ይዘቅጣል። በመጀመሪያው ጠርሙስ የዘቀጠው ጥፍር አያህልም ነበር፤ በዘጠነኛው ጣት አከለ።

«የዓለምዘርፍ ልጄ፣ ውሃ ቢያፈስ ግድ የለም» አሉኝ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ይዘው። «ይህ ግን አፈሩን ከውስጥ እየበላ ነው የሚወጣ። ጻፊላቸው።»

ጻፍኩላችሁ። ሁለተኛው ምስጋናዬ እንግዲህ ስለ መልሳችሁ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ «ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑን እናሳውቃለን» የሚል ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ ደረሰን። በእርግጥ በሂደት ላይ ነበር፤ አፈሩ ይሄድ ነበር።

መልሱ ስላላስተኛን እኔና አያ እንዳላማው ጠርሙሶቹን በገለባ ጠቅልለን፣ በእግር አስፋልቱ ድረስ ወጥተን፣ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ገባን። ክቡር ኢንጂነር፣ ከሦስት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ስላስገቡን አሁንም አመሰግናለሁ። ጠርሙሶቹን በጠረጴዛዎ ላይ ስንደረድር ምን እንዳሉ ያስታውሱ ይሆን? «ግድብ እንደ ሰው ያልበዋል፤ አትጨነቁ» አሉን። አያ እንዳላማው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ጌታዬ፣ ሰው ሲያልበው አፈር አያልበውም» ብለው መለሱልዎ። እርስዎም ሳቁ፤ ጠርሙስ አጥበን እንድንጠቀምም መከሩን። እኔም አብሬዎ ሳቅሁ። ዛሬ ድረስ የማፍርበት ሳቅ እሱ ነው። ፈርቼዎት ነው የሳቅሁት።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ጉብኝታችሁ ነው። ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን በሁለት መኪና መጣችሁ። ሦስታችሁም ጃንጥላ ተይዞላችሁ ከግድቡ አናት ላይ ቆማችሁ ፎቶ ተነሣችሁ። ሥሩን ታዩልን ዘንድ ብንለምንም ጭቃ ነው ብላችሁ አልወረዳችሁም። ክብርት ወይዘሮ ሰገነት ከኛ ሴቶች ፊት ቆመው፣ ሕዝብን ማሸበር በሕግ እንደሚያስጠይቅ በትሕትና አስረዱን። ከዚያም በመስከረም ትልልቅ እንግዶች ስለሚመጡ ሐይቁ ሞልቶ መታየት አለበት ተባለ፤ ውሃው ሲበዛ የሚያጎድለው የማስተንፈሻው ቫልቭ ተዘጋ፤ በሰንሰለት ታስሮም ተቆለፈበት። ቁልፉን ክቡር ሰብሳቢው በኪሳቸው ይዘው ሄዱ። ግድብ አላችሁ፣ ክቡራን፤ ግድ ግን የላችሁም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔውን ሲዘርፉ አጠገባቸው ስለነበርኩ ግን ተባባሪ ልባል እችላለሁ።

አራተኛውን ቁጥር ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ። የደረሰብንን እንደመጣልኝ ልናገር።

ከሐምሌ ገብርኤል በፊት ለሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። በበዓሉ ጠዋት ከቅዳሴ ስንወጣ የአያ እንዳላማው ባለቤት እትዬ ታየች ነጠላዋ ተጎትቶ፣ «የግድቡ ራስ ተሰንጥቋል!» እያለች ከቁልቁለቱ ስትሮጥ መጣች። ሄድን። በግድቡ አናት ላይ፣ እናንተ ፎቶ ከተነሣችሁበት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ መሬቱ በቁመቱ ተተርትሯል። የክፍሌን የአንድ ሜትር ማስመሪያ አስመጥቼ በስንጥቁ ሰደድኩት። ስድሳ ላይ ደረሰ፤ ሰማንያ ላይ ደረሰ፤ እጄ መሬት እስኪነካ ገባ፤ ምንም አልነካም። ሰው አይቶኝ እንዳይደነግጥ፣ የወደቀ ነገር እንደምፈልግ መስዬ ቁጭ አልኩ።

ስልክ ደወልኩላችሁ። በመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ናችሁ ተባልኩ። ሁለተኛ ስደውል አንዲት ልጅ በጨዋ ድምፅ፣ «እባክዎ በደብዳቤ ያስገቡ» አለችኝ። ሦስተኛ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል።

አያ እንዳላማው ስልኩን ከእጄ እስካወርድ ጠበቁኝ። «እንግዲህ ቁልፉ እስኪመጣ ውሃው አይጠብቀን» ብለው ከባለ እጁ ቤት መዶሻ አስመጡ። ሰንሰለቱ በአምስተኛው ምት ተበጠሰ። የቫልቩ እጀታ ግን ዝጎ ለአንድ ሰው አልዞር አለ። ያን ጊዜ ፈንታ ወደ ፊት ወጣ። ፈንታ ማሳው ከማስተንፈሻው አፍ ፊት ለፊት ነው፤ ውሃው ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚጠርገው የእሱን ድንች ነው። «ድንቹን ዓይንህ እያየ?» አለው ከኋላ አንድ ሰው። «ልጆቼም ከድንቹ አጠገብ ናቸው» አለና እጀታውን ያዘ። እኔም ያዝኩ። አራት ሆነን አዞርነው።

ውሃው ሲወጣ ያሰማውን ድምፅ እንዴት ብዬ ልጻፍላችሁ? መሬቱ ከእግራችን ሥር ይርገበገብ ነበር። የሚያድነን ውሃ ይሁን የሚያጠፋን መለየት አቃተን። ከግድቡ በታች ያለው አርባ ሦስቱም ቤት ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ሰፈረ። እናቴን በቃሬዛ ያወጣናት እኔና ጎረቤቶቼ ነን፤ አቀበቱን እስክንጨርስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ኋላዬ ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላውቅም። እናቴ ግን ታውቃለች። «ፊትሽን ካዞርሽ ትጥይኛለሽ» ትለኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ውሃው በሦስት ሜትር ጎደለ። የፈንታ ድንች የለም። ከግድቡ ሥር የሚወጣው ግን ጠራ፤ ስንጥቁም መስፋቱን አቆመ። ሰው አልሞተም፤ ከብት አልሞተም። ወደየቤታችን ተመለስን።

እዚህ ላይ ፍጥነታችሁን ላደንቅ ግድ ይለኛል። አፈራችን ሲሄድ አሥራ ዘጠኝ ቀን የፈጀባችሁ መልስ፣ ውሃችሁ ሲሄድ በማግስቱ ደረሰ። ፖሊስም ይዛችሁ መጣችሁ። ስድሳ አራት ዓመት የሆናቸውን ሰው በሕዝብ ፊት «አንተ» እያላችሁ ስትጠይቁ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነበርኩና ቃል በቃል አለኝ።

«ግድቡ ተሰብሯል?» አሉ ክቡር ሰብሳቢው።

«አልተሰበረም፣ ጌታዬ» አሉ አያ እንዳላማው።

«ካልተሰበረ ለምን ከፈትከው?»

አያ እንዳላማው፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ የመንግሥት ንብረት በማበላሸትና የሕዝብ ውሃ በማባከን ተከሰሱ። ስምንት ቀን ታስረው፣ ወደ ግድቡ እንዳይጠጉ ተከልክለው በዋስ ወጡ። ቫልቩንም ሠራተኛ ልካችሁ በየዳችሁት። ቁልፍ ይጠፋል፤ ብየዳ አይጠፋም ብላችሁ አስባችሁ መሆን አለበት፤ አርቆ አሳቢነታችሁን አደንቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነሐሴ ሙሉውን ዘነበ። አያ እንዳላማው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ግድቡን ከሩቅ ያያሉ። ወጥታ የምታየው እትዬ ታየች ናት። በየጠዋቱ ስትመለስ «ምን ይመስላል?» ይሏታል። «ያው ነው» ትላቸው ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን ምንም ሳትላቸው ወደ ቤት ገብታ ልብስ መቋጠር ጀመረች። ደፍርሷል ማለት ነው። ውሃውም ካጎደልነው ከፍ ብሎ፣ ከግድቡ አናት አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ቀርቶት ነበር።

እኔ ከሁሉ የምፈራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤታችን የክረምት ማጠናከሪያ ያስተምራል። ስድሳ አንድ ሕፃናት አሉኝ። ደወሉ ያለ ሰዓቱ ከተደወለ ደብተር ሳይዙ፣ ታናናሾቻቸውን ሳይፈልጉ፣ ወደ ኮረብታው ብቻ እንዲሮጡ አስተምሬያቸዋለሁ። «ታናናሾቻችሁን ሳትፈልጉ» የሚለውን ቃል ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንዲት ሂዊ የምትባል ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ እህቴ መራመድ ባትችልስ?» አለችኝ። ሰሌዳውን አጠፋሁ፤ የተጻፈበት ነገር ግን አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አርባ ሦስቱ ቤት ተሰበሰበ። ብዙ አልተወራም። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ ደግመን ማመልከት ይሻላል አሉ። ፈንታ፣ «ማመልከቻውን ማን ይዞት ይዋኛል?» አለ። ሉማሜ ከተማ ብየዳ ቤት ያለውን ዘመዱን ከነጄኔሬተሩ አስመጣ።

ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት፣ ክቡራን፣ ብየዳችሁን ቆርጠነዋል። ፍንጣሪው ሲረጭ ሁላችንም እንንቀጠቀጥ ነበር፤ ግማሻችን ግድቡን ፈርተን፣ ግማሻችን እናንተን ፈርተን፣ እኔ ሁለቱንም። እጀታውን ግን አንድ ሰው ብቻውን አላዞረውም። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እየቀረበ፣ ሩብ ሩብ ዙር እያዞረ አለፈ። መሪጌታው አዞሩ። አራስ የሆነችው ዘሪቱ ልጇን አቅፋ በአንድ እጇ አዞረች። እናቴን በቃሬዛ አምጥተን እጇን ከእጄ ጋር ከእጀታው ላይ አሳረፍንላት። አያ እንዳላማው የዋስትናቸውን ትእዛዝ አክብረው ደጃቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ውሃው ሲወጣ ከዚያ ሆነው ሰሙት፤ ተነሥተውም ቆሙ።

ስለዚህ በመስከረም ለሚሰማው ክስ፣ ከአንድ ተከሳሽ በተጨማሪ የአርባ ሦስት ሰዎች ሙሉ ስም፣ የአባት ስምና የጣት አሻራ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘን አቅርበናል። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው። የጻፍኩት በቀለም ነው፤ እንዳይለቅ። ውሃው እየጎደለ ነው፤ ገና ግን አልጠራም። ይጠራ እንደሆነ አላውቅም። ደብዳቤውን አሁን የማቋርጠው እናቴን ወደ ኮረብታው የማወጣበት ተራ ስለደረሰኝ ነው።

መንበራችሁ እንዳይነቃነቅ፣ ጫማችሁ ጭቃ እንዳይነካው፣ ስልካችሁም እንደተዘጋ ዕድሜው እንዲረዝም ከልብ እየተመኘሁ፣ ለሰጣችሁን ትኩረት ሁሉ፣ ከሰጣችሁን በማይበልጥ መጠን አመሰግናለሁ።

ከታላቅ ፍርሃትና ከተገቢው አክብሮት ጋር፣
የዓለምዘርፍ ካሴ
ከዶቅማ ምንጭ፣ ከግድቡ በታች

ማስታወሻ፦ የኮሚሽኑ አባላት ለቤት መሥሪያ የሚሆን ሜዳ ቦታ እያፈላለጋችሁ መሆኑን ሰምተን ደስ ብሎናል። ከግድቡ ሥር ለም፣ ለጥ ያለ፣ ሐይቁ ከበላይ የሚታየው ቦታ አለን፤ ቀበሌው ያለ ምንም ተቃውሞ ሊሰጣችሁ ተስማምቷል። ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ግቡ። እኛ ከኮረብታው ላይ ሆነን እንጠብቃችኋለን፤ ውሃው የደፈረሰ ዕለት ግን በደብዳቤ አንጠይቃችሁም፤ ሮጠን መጥተን እንጠራችኋለን።